የቅድመ አያት ዕዳ፦ ጋኒባል ስለተባለው የቤተሰብ ስም

በኢትዮጵያ ልማድ ሰው ሁለት ስም ይዞ ይኖራል፤ አንደኛው የራሱ፣ ሁለተኛው የአባቱ ነው። የአያቱ ስም አልፎ አልፎ በመዝገብ ላይ ይሰፍር እንደሆነ እንጂ የቅድመ አያቱ ስም ከአፍ ከወደቀ ቆይቷል። ሴትም ብትሆን ባል ስላገባች የአባቷን ስም አትለውጥም። ስለዚህ በዚህ አገር ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚሻገር የቤተሰብ ስም የለም። ዘሩን ማወቅ የፈለገ ሰው ስም ተከትሎ ሳይሆን ሽማግሌ ጠይቆ፣ ዘር ማንዘሩን አስቆጥሮ፣ እስከ ሰባት ቤት ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህም ቆጠራ ለጨዋታ ያህል የሚደረግ አልነበረም። በአንድ በኩል ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ይጠብቃል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የገጠር መሬት በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ሀብት እስኪሆን ድረስ፣ የርስት ሥርዓት ባለበት አገር የመሬት ድርሻ የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን በመቁጠር ነበር።

በአውሮፓ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የሚመጣ በመሆኑ፣ ዘሩን የሚፈልግ ሰው የስሙን ክር ጫፍ ይዞ ወደ ኋላ ይስባል። ስሙ የተለመደ ሲሆን ክሩ ከሌሎች ክሮች ጋር ይወሳሰባል፤ ኢቫኖቭ የሚባል ሩሲያዊ ከብዙ ሺህ ኢቫኖቮች መካከል የራሱን አያት ለይቶ ለማውጣት ይቸገራል። ስሙ እንግዳ ሲሆን ግን ፍለጋው ይቀላል። በሩሲያ መዛግብት ውስጥ ጋኒባል የሚለውን ስም ያገኘ ሰው ክሩን ቢስብ፣ ብዙም ሳይደክም በአንድ ሰው እጅ ላይ ይደርሳል።

ለመሆኑ ከዚያ ሰው እጅ ባሻገር ያለው ምንድን ነው? ፈላጊውስ ያገኘውን ሁሉ የመቀበል ግዴታ አለበትን? ወይስ የሚያኮራውን አንሥቶ የሚያሳፍረውን መተው ይፈቀድለታል? ጥያቄው ለኢትዮጵያውያን ከሩቅ የሚታይ የሰው አገር ጉዳይ አይደለም፤ ጋኒባል የሚለው ስም ታላቁን ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪንን ከአፍሪካ ጋር፣ በብዙዎችም እምነት ከኢትዮጵያ ምድር ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ነውና።

*

ስሙን በሩሲያ የተከለው ሰው አብራም ፔትሮቪች ጋኒባል ነው። የተወለደው በ1696 ገደማ ነው። (ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገና በሕፃንነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ ኢስታንቡል ደረሰ፤ በኦቶማን ሱልጣን ቤት ከሚያገለግሉት ልጆችም አንዱ ሆነ። በ1704 ሳቫ ራጉዚንስኪ የተባለው ነጋዴና የመንግሥት ጉዳይ አስፈጻሚ ልጁን ከዚያ አውጥቶ ወደ ሞስኮ አመጣው። ልጁ በታላቁ ጴጥሮስ ቤት አደገ፤ በ1705 በቪልኒዩስ ከተማ ሲጠመቅ የክርስትና አባቱ ንጉሡ ራሱ ነበር። በ1717 ንጉሡን ተከትሎ ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ እዚያም ቀርቶ የሒሳብና የምሽግ ሥራ ትምህርት ተማረ፤ በውጊያ ላይም ቆሰለ። ወደ ሩሲያ የተመለሰው በ1723 ነው። ጴጥሮስ በ1725 ሲሞት ጠባቂውን አጣ፤ በ1727 ልዑል ሜንሺኮቭ ወደ ሳይቤሪያ፣ እስከ ቻይና ጠረፍ ድረስ አስላከው። የጴጥሮስ ልጅ ኤልሳቤጥ በ1741 ዙፋን ስትይዝ ግን የዕድሉ ኮከብ እንደገና ወጣ። ጄኔራልና የሬቫል ከተማ አዛዥ ሆነ፤ ርስት ተሰጠው፤ በመጨረሻም ከከፍተኛዎቹ የጦር ማዕርጎች አንዱን ተቀዳጀ። በ1762 ከሥራ ተሰናብቶ፣ በ1781 በሱይዳ ርስቱ ላይ ሞተ።

እንግዲህ ይህ ሰው የተሸከማቸውን ስሞች አንድ በአንድ መመርመር ይገባል። አብራም የሚለው በኢስታንቡል ኢብራሂም ይባል ከነበረው የተመለሰ ነው። ፔትሮቪች የወለደው አባት ስም ሳይሆን ያጠመቀው ንጉሥ ስም ነው። ጋኒባል ደግሞ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የአልፕስን ተራሮች ተሻግሮ ሮምን ያንቀጠቀጠው የካርታጎ ጦር መሪ የሐኒባል ስም ነው፤ ይህንንም ጎልማሳው መኮንን ራሱ መርጦ ለራሱ ሰጠው። ከሦስቱ ስሞች መካከል እናቱ የጠራችበት አንድም የለም። አንደኛው ባሪያ ካደረጉት፣ ሁለተኛው ነፃ ካወጣው፣ ሦስተኛው ከመጽሐፍ የተገኘ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም፤ የዚህን ሰው ስም ያወጡት ገበያ፣ ቤተ መንግሥትና የራሱ ፈቃድ ናቸው።

በ1742 መኮንኑ የመኳንንት ማዕርግና የቤተሰብ ዓርማ እንዲሰጠው አቤቱታ ጻፈ። በዚያ ጽሑፍ ትውልዱ ከአፍሪካ፣ ከዚያም አገር መኳንንት ወገን መሆኑን፣ የተወለደውም ላጎን በተባለችው የአባቱ ከተማ መሆኑን፣ አባቱ ከእርሷ ሌላ ሁለት ከተሞች ያስተዳድር እንደነበረ ገለጸ። ወደ ሩሲያም ገና ልጅ ሳለ በገዛ ፈቃዱ እንደመጣ ጨመረበት። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ከአንድ ጌታ ወደ ሌላ ጌታ የተላለፈ ሕፃን በምን ፈቃዱ መጣ? ይሁን እንጂ ቃሉን የጻፈው ሰው አላፈረበትም፤ የሚፈርዱበት ሰዎች ሁሉ ትውልዳቸውን በሚቆጥሩበት ሸንጎ ፊት ተሸጬ መጣሁ ብሎ የመኳንንት ማዕርግ መለመን አይቻልምና።

*

አብራም ከሞተ በኋላ አንድ አማቹ፣ ሮትኪርክ የተባለ መኮንን፣ የሕይወት ታሪኩን በጀርመንኛ ጻፈ። በዚህ ጽሑፍ ላይ ነገሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል። አብራም የአቢሲኒያ ሰው፣ የኃያል መስፍን ልጅ ሆኗል፤ ያ መስፍንም ትውልዱን በቀጥታ እስከ ካርታጎው ሐኒባል ይቆጥራል ተብሏል። ሰውየው በጎልማሳነቱ መርጦ ያጠለቀው ስም፣ በልጆቹ ዘመን ከአጥንት የወረደ ስም ሆነ ማለት ነው። በተለመደው አካሄድ አያት ስምን ያወርሳል፤ እዚህ ግን ስም አያትን ወለደ።

እንዲህ ያለው ነገር በሩሲያ ብቻ የሚታይ አይደለም። ርስት ሲያሟግት በኖረ አገር የተወለደ ሽማግሌ ይህን ታሪክ ቢሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በሙግት ጊዜ የጎደለው ትውልድ በሆነ ስም ይሞላል፤ የተናቀው አያት ይዘለላል፤ የከበረው በሩቅ ቢሆንም ይጠጋል። ዘር ቆጠራ ጥቅም ያለበት ሥራ በሆነ ቁጥር እውነቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ፑሽኪን የጋኒባልን ስም አልተሸከመም። እናቱ ናዴዥዳ የአብራም ልጅ የኦሲፕ ልጅ ናት፤ እርሷ ስታገባ ስሙ በእርሷ በኩል ተቆረጠ። ይሁን እንጂ ከአጎቶቹና ከአክስቶቹ ልጆች ሁሉ ይበልጥ ያንን ስም ሕያው ያደረገው እርሱ ነው። በሚኻይሎቭስኮዬ፣ በቅድመ አያቱ ርስት ላይ በግዞት ሳለ፣ የአብራም ልጅ የሆነውን ሽማግሌ ጠየቀ፤ የጀርመንኛውን ጽሑፍም አገኘ። በ1827 ቅድመ አያቱን ዋና ባለታሪክ ያደረገ ልብ ወለድ ጀመረ፤ ነገር ግን ሳይጨርሰው ቀረ። ፋዴይ ቡልጋሪን የተባለ ጋዜጠኛ በ1830፣ ስሙን ሳይጠራ፣ የባለቅኔው አያት በአንድ ጠርሙስ ሩም የተገዛ ነው ሲል ሲያላግጥ፣ ፑሽኪን ስለ ትውልዱ በጻፈው ግጥም መለሰለት። የሚደንቀው ነገር ቅድመ አያቱ መገዛቱን በዚያ መልስ አለመካዱ ነው። የተሸጠው ልጅ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንዳደገ ተናግሮ አፍ አስያዘ። ስለ ቤተሰቡ በተወው አጭር ማስታወሻም የአብራምን የቤት ውስጥ መከራ አልደበቀም።

መከራው ደግሞ ቀላል አልነበረም። አብራም በ1731 የግሪክ ተወላጅ የሆነ የባሕር ኃይል መኮንን ልጅ፣ ኤቭዶኪያን፣ ሳትወደው አገባት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አመነዘረች ብሎ ከሰሳት፤ ለብዙ ዓመታትም በእስር ተሠቃየች። እርሱ ግን ፍቺ ሳይፈጸም በ1736 ሌላ ሚስት አገባ። ጉዳዩ ያለቀው በ1753 ሲሆን ኤቭዶኪያ ወደ ገዳም ተላከች። በልጅነቱ እንደ ዕቃ ተሰጥቶ ያደገ ሰው ሌላውን ሰው እንደ ዕቃ አሰረ። ከዚህም በላይ ኤልሳቤጥ በሰጠችው ርስት ላይ በመቶ የሚቆጠሩ፣ ከመሬቱ ጋር የተቆራኙ ገባሮች ነበሩ፤ የቀድሞው ባሪያ የእነርሱ ጌታ ሆነ። የሩሲያ ገባሮች ነፃ የወጡት እርሱ ከሞተ ከሰማንያ ዓመት በኋላ፣ በ1861 ነው።

*

ላጎን የት ናት? ሊቃውንት በዚህ ጥያቄ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። በ1899 የፑሽኪን መቶኛ የልደት ዓመት ሲከበር ዲሚትሪ አኑቺን የተባለው ሩሲያዊ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ፣ ቦታዋ በሐማሴን፣ በመረብ ወንዝ አቅራቢያ ያለችው ሎጎ ናት አለ። ማስረጃው የስም መመሳሰልና የሮትኪርክ ጽሑፍ ነበር፤ ነገር ግን ከማስረጃው በስተጀርባ ሌላ ሐሳብ አድፍጦ ነበር። በዚያ ዘመን የዘር ሚዛን መሠረት የኢትዮጵያ ሰዎች ከሌሎች ጥቁሮች ከፍ ያሉ ተደርገው ይታዩ ስለነበር፣ የሩሲያ ታላቅ ባለቅኔ ከእነርሱ ቢወለድ ለሊቁ ይበልጥ የሚዋጥ ሆነለት። ቭላዲሚር ናቦኮቭ በ1964 በታተመው ሰፊ ሐተታው የቤተሰቡን ትረካ በብርቱ ተጠራጠረ። በ1990ዎቹ ደግሞ የቤኒን ተወላጅ የሆነው ተመራማሪ ዲዮዶኔ ኛማንኩ፣ ላጎን ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ፣ በዛሬይቱ ካሜሩን ያለችው የኮቶኮዎች ከተማ ሎጎን ቢርኒ ናት ሲል ተከራከረ፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ሐሳቡን ተቀበሉት። በጋኒባል ዓርማ ላይ ከዝሆኑ ጋር የተጻፉትን አምስት ፊደላት እንኳ አንዱ የላቲን ዐረፍተ ነገር ምሕጻር ነው ሲል፣ ሌላው ከዚያው ከቻድ ሐይቅ አካባቢ ቋንቋ የተወሰደ ቃል ነው ይላል።

ቅድመ አያቱ ግን በያሉበት ይጠራል። በአዲስ አበባ በባለቅኔው ስም የሚጠራ አደባባይ አለ፤ በ2002 ሐውልት ቆመለት፤ በ2009 ደግሞ በአስመራ ሌላ ቆመ። ሦስት አገሮች አንድን ሕፃን የእኛ ነው ይላሉ። ልጁ በተወሰደበት ቀን ግን የእኛ ነው ብሎ ያስጣለው አልነበረም።

የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። የታላቅ ሰው ቅድመ አያት ከዚህ ምድር ወጣ ብሎ መኩራት ይቻላል፤ ነገር ግን እንዴት ወጣ? በዘመኑ ምጽዋ በኦቶማኖች እጅ ነበረች፤ የያዟትም ከ1557 ጀምሮ ነው። ልጁ ከመረብ ምላሽ ተነሥቶ ኢስታንቡል ደርሶ ከሆነ፣ ከመንደሩ እስከ ወደቡ ያደረሰው እጅ የባዕድ እጅ ብቻ አልነበረም። ማራኪ፣ ሻጭ፣ ደላላ፣ ቀራጭ ነበር። የባሪያ ንግድ በዚህ አገር ለብዙ ምእት ዓመታት ሲሠራበት የኖረ ነው፤ ፍትሐ ነገሥት ሳይቀር ስለ ባሪያና ስለ ጌታው የሚደነግግ አንቀጽ ነበረው። በሕንድ አገር የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ እስከ መሆን የደረሰውና በ1626 የሞተው ማሊክ አምባርም ከኢትዮጵያ የተሸጠ ልጅ ነበር። ባርነትን የሚያስቀር ድንጋጌ በ1924 ወጣ፤ ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የታወጀው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ባለቅኔው የኢትዮጵያ ደም አለበት የሚለው ዐረፍተ ነገር ሙሉ እንዲሆን ሁለተኛ ሐረግ ያስፈልገዋል፤ ያም ደም የተሸጠ ነው የሚል።

*

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው እንዲህ የሚል ነው፦ የተናቀ ሕዝብ ኩራት ያስፈልገዋል፤ ጥቁር ሰው ታሪክ የለውም፣ ጥበብ የለውም እየተባለ በተሰደበበት ዓለም ውስጥ የጋኒባል ስም ጋሻ ሆኗል፤ ጋሻውን መመርመር ለጠላት መሣሪያ ማቀበል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው። ቡልጋሪን የሩሙን ጠርሙስ ያነሣው እውነትን ለመግለጥ አልነበረም፤ ለማዋረድ ነበር። ይሁን እንጂ የፑሽኪንን መልስ ያስተዋለ ሰው ጋሻው የት እንዳለ ይረዳል። ስድቡ ኃይል የሚያገኘው የተሰደበው ሰው መሸጥን እንደ ነውሩ ሲቆጥር ነው። የተሸጠ ሰው ነውር የለበትም፤ ነውሩ የሻጩና የገዢው ነው። ይህን የተረዳ የልጅ ልጅ የቅድመ አያቱን መሸጥ በአደባባይ መናገር አያስፈራውም። በመስፍን ልጅነት ብቻ የሚኮራ ግን፣ የመስፍን ልጅ ያልሆነው የተሸጠ ሕፃን ይናቃል ማለቱ ነው፤ ሳያውቀው ከሰዳቢው ጋር አንድ ሚዛን ያዘ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ረቂቅ ነው፦ አብራም ራሱ ታሪኩን አስውቦ ከጻፈ፣ በፈቃዴ መጣሁ ካለ፣ የልጅ ልጆቹና ወገን ነን ባዮች እርሱ ያለውን ቢደግሙ ምን በደል አለው? የባለቤቱን ቃል ማክበር አይደለምን? እዚህ ላይ ሁለት ሰዎችን መለየት ያስፈልጋል። መከራው በራሱ ላይ የደረሰበት ሰው ራሱን የሚያድንበትን ቃል የመምረጥ መብት አለው። ስም የተነጠቀ ሰው ስም ቢሠራ፣ ፈቃድ የተነፈገ ሰው በፈቃዴ ነው ቢል፣ ያ ሐሰት ሳይሆን መጠለያ ነው። ነገር ግን መጠለያው የተሠራው ለእርሱ ነው። በሰላም የሚኖር የልጅ ልጅ በዚያው መጠለያ ሲገባ ከምን ዝናብ ይሸሻል? አያቱ ሥቃዩን የሸሸገው ለመኖር ነው፤ የልጅ ልጁ ያንን ሥቃይ ቢሸሽግ የሚጠፋው የአያቱ መከራ ምስክር ነው። የመጀመሪያው ሰው ዝምታ ጥበብ ሲሆን የሁለተኛው ዝምታ ቅሚያ ነው።

ለዚህ ነገር መፍረጃ የሚሆን ሚዛን ከሩቅ መፈለግ አያሻም፤ የርስት ሥርዓት በብዙ በኩል የበደል ምንጭ የሆነ ቢሆንም በውስጡ አንድ የፍትሕ ሐሳብ ነበረው። በርስት ሕግ ከአቅኚው አባት ተወልጃለሁ ብሎ ድርሻ የጠየቀ ሰው በድርሻው ልክ ግብሩንም ይከፍላል። መሬቱን ወስዶ ግብሩን ለሌላው መተው የለም። ቅድመ አያትም እንደዚሁ ነው። ከጋኒባል የሚቆጠር ሁሉ፣ ሩሲያዊም ሆነ አፍሪካዊ፣ የምሽግ መሐንዲሱን ሊቅነት ሲካፈል የኤቭዶኪያን እስራት ይካፈላል፤ የጄኔራሉን ኒሻን ሲወርስ የገባሮቹን እንባ ይወርሳል፤ የባለቅኔውን ዝና ሲጠይቅ የሻጩን እጅ ይጠይቃል። በአያት ኃጢአት የልጅ ልጅ ይቀጣ ማለት ግን አይደለም፤ ያልሠሩትን በደል ማንም አይጠየቅበትም። የሚጠየቀው ምስክርነት ነው። ባልሠሩት ጀግንነት መኩራት ከተፈቀደ፣ ባልሠሩት በደል ማዘንም አብሮ ይመጣል።

ይህ ሚዛን የላጎንን ክርክርም ቀለል ያደርገዋል። ነገ የማያጠራጥር ሰነድ ተገኝቶ ልጁ ከቻድ ሐይቅ ዳር ነው የመጣው ቢባል ኢትዮጵያ ምን ታጣለች? በስሙ የተጠራው አደባባይ የቆመው ለባለቅኔው ነው፤ ግጥሙ ለሚያነበው ሁሉ ነው። የምታጣው ነገር ቢኖር በደም መመካትን ብቻ ነው። ሎጎ ናት የሚለው ቢጸና ደግሞ የምታገኘው ትምክህት ብቻ አይሆንም፤ የአንድ ልጅ ሐዘንም ነው። ዘር ከልጓም ይስባል የሚሉ አሉ፤ የማን ዘር ጎመን ዘር የሚሉም አሉ። አገሬው ሁለቱንም ተረቶች ጠብቆ ያቆየው አንዱ ሌላውን እንዲገሥጽ ሳይሆን አይቀርም።

*

ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሳያስቡት የጋኒባልን ሥራ እየሠሩ ነው። የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ቅጽ ሲቀርብላቸው የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም ይሞላሉ፤ በገጠር ከብት ሲጠብቅ ያደገ አያት ስም፣ ባላሰበው አገር፣ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ይሆናል። በዚያ አገር ስሙ እንግዳ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ልጅ የክሩን ጫፍ ይዞ ወደ ኋላ መሳቡ አይቀርም። በጫፉ ላይ መስፍን ቢያገኝ ደስ ይለው ይሆናል፤ የሚያገኘው ግን ምናልባት ጭሰኛ፣ ምናልባት ባለርስት፣ ምናልባት የባሪያ ልጅ፣ ምናልባትም ባሪያ አሳዳሪ ነው። ያ ልጅ እንዳይዋሽ የሚረዳው የዛሬው ሰው ያልዋሸ እንደሆነ ነው።

አብራም ፔትሮቪች ጋኒባል ለመኳንንቱ ሸንጎ ባቀረበው አቤቱታ የአባቱን ከተሞች ቆጥሯል። በልጅነቱ እናቱ ምን ብላ ትጠራው እንደነበር ግን በዚያ ወረቀት ላይ የለም። ከሦስቱ ስሞቹ በፊት የነበረው አራተኛው ስም ያ ነው። ለዓርማ አይሆንም፤ ለሐውልት አይቀረጽም፤ ርስት አያስገኝም። ቅድመ አያትን በእውነት የሚፈልግ ሰው ግን ፍለጋውን የሚጀምረው ከዚያ ስም ነው።